ጀሪካኑ የት ነው የሚያድረው?

(ጁበይሃ በማኅበራችን የዓርብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

በሳምንት ያለችን አንድ ዓርብ ናት፤ እሷንም የማያገኙ ስንት አሉ። እሷን ትታችሁ ስለ ቤንዚን ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ይገርመኛል። ኮሚቴው "አንቺ ተናገሪ" ሲለኝ እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ፣ ምን አውቄ ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ይሄን ነገር በእጁ የሚነካው ማነው? እዚህ የሰው ቤት ሶባ የምንሞላው እኛ። አገር ቤት ለወንድሞቻችን ባጃጅ የገዛነው እኛ። ብዙውን የነገረኝ አገር ቤት መካኒክ የነበረ፣ እናንተም የምታውቁት ወንድማችን ነው። እሱ "ሴቶቹ ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል" ብሎ እዚያ ጥግ ተቀምጧል። ከተሳሳትኩ ያርመኛል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፣ ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከስሙ ነው። አገር ቤት "ጋዝ" ስንል ነጭ ጋዝ ነው፣ ላምባ የምንለው፣ ኩራዝ ውስጥ የምናደርገው። እዚህ "ጋዝ" ሲሉ ጃራውን ነው፣ ያ 12.5 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር፣ መኪናው በጠዋት ሙዚቃ እያሰማ የሚያዞረው። የእኛን ነጭ ጋዝ ደግሞ "ካዝ" ይሉታል። ናፍጣን "ሶላር" ወይም "ዲዝል"። ቤንዚን እዚህም ቤንዚን ነው። ጋዝና ካዝ፣ አዲስ የመጣች ልጅ ጆሮዋ አይለያቸውም። ማዳም "ካዙን አምጪ" ስትላት በረንዳ ላይ ካሉት ሁለት ጀሪካኖች አንዱን ታነሳለች። አንዱ ካዝ ነው። አንዱ ባባ ለመኪናው ያስቀመጠው ቤንዚን ቢሆንስ? ሁለቱም ነጭ ጀሪካን፣ ሁለቱም ምንም አልተጻፈባቸውም። ቤንዚን ሶባ ውስጥ ገብቶ ከተለኮሰ ሶባ መሆኑ ይቀራል፣ ቦምብ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ ትነቱ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ያወጣል። አማን በረዶ ጥሎ እኛ ጋቢ ደርበን በምንንቀጠቀጥበት ቀን ቤንዚኑ አልበረደውም፣ እየተነነ ነው። ካዝ ግን እንዲህ እንዲሆን ቢያንስ 38 ዲግሪ ያህል መሞቅ አለበት። ለዚህ ነው ካዝ የዋህ የሚመስለን፣ ክብሪት ጠጋ ቢል ቶሎ አይይዝም።

ሁለተኛ፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል። የወጥ እንፋሎት ወደ ላይ እንደሚወጣው አይደለም። እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ በበር ሥር ያልፋል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ ጉድጓድ ካገኘ እዚያ ይተኛል። እናንተ አታዩትም። ከሌላ ክፍል ያለ እሳት ጋ ሲደርስ እሳቱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ጀሪካኑ ጋ ይደርሳል፣ ዐይን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ የለም። "እኔ እኮ ጀሪካኑን ከምድጃው አርቄ ነው ያስቀመጥኩት" የሚል ሰው በርቀቱ ብቻ አይዳንም። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆኑ ወለሉ ያገናኛቸዋል።

ምን ያህል ቤንዚን ይበቃል ካላችሁ፣ አየሩ ውስጥ ከመቶ እጅ አንድ ተኩል ያህል ትነት ከገባ ይቀጣጠላል። ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል፣ ያው እንደምንከራያት፣ ሙሉዋን ለመሙላት ተንኖ ያለቀ ሁለት ሊትር የማይሞላ ቤንዚን በቂ ነው። አንድ ሃይላንድ ተኩል እንኳ አይሆንም። ደግሞ ትነቱ ወለል ላይ ስለሚተኛ ክፍሉ እስኪሞላ አይጠብቅም፤ የፈሰሰ አንድ ብርጭቆ ለታችኛው ክፍል ይበቃዋል። የሚለኩሰው ክብሪት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ብልጭ የምትል አለች። ማብሪያ ማጥፊያ አለ። በረንዳ ላይ የጋዝ ጊዘር ያለበት ቤት ውስጧ የምትነድ ትንሽ እሳት አለች። የቡና ከሰላችን አለ።

እሺ፣ አሁን ወደ አገር ቤት ልውሰዳችሁ። ወንድሜ ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል። ቤንዚን እንዴት እንደሚገኝ ታውቁታላችሁ፣ ማደያ ላይ መጣ ከተባለ ከሌሊት ጀምሮ ሰልፍ፣ ካልተገኘ ከጥቁር ገበያ በሃይላንድ። የሰው ልጅ እንዲህ ሲሆን ያገኘ ቀን ማከማቸት ይወዳል፣ አልፈርድበትም። አንድ ቀን በኢሞ ከእናቴ ጋር ሳወራ ካሜራው ዞር ሲል አልጋዋ ሥር ሦስት ቢጫ ጀሪካን አየሁ። ስጠይቃት "የወንድምሽ ነው፣ ውጭ ካደረ ይሰረቅበታል" አለችኝ። 60 ሊትር ቤንዚን። ግድግዳው ማዶ እንጀራ የምትጋግርበት ማድ ቤት። ስድስት ወር ደግሞ ራሷን እያዞራት ነው፣ ሐኪም ቤት ብትሄድም የተገኘ ነገር የለም። ቤንዚን ትነት ራስ ያማል፣ ያዞራል፤ ውስጡም ካንሰር የሚያመጣ ነገር አለበት። የእሷ ሕመም ከዚያ ነው ብዬ አልማልም። ግን ሰው ከዚህ ጋር በአንድ ክፍል መተኛት የለበትም።

ወንድሜ "እና የት ላድርገው?" አለ። ልክ ነው፣ "አውጣው" ማለት ቀላል ነው። ሌባ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ልጆች አሉ። የተስማማነው እንዲህ ነው፣ ለእናንተም ከጠቀመ ውሰዱት። አንደኛ፣ 60 ሊትሩ ወደ 20 ወረደ። የባጃጅ ታንከር 8 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፣ ከዚያ በላይ አንድ ጀሪካን መጠባበቂያ ካለው ለሳምንት ያህል ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ በግቢው መጨረሻ፣ ከማድ ቤቱና ከመኝታ ቤቱ በተቻለ መጠን ርቆ፣ ብየዳ ቤት የብረት ሳጥን ተሠራ፣ ከላይም ከታችም በወንፊት ሽቦ አየር የሚያገኝ፣ በቁልፍ የሚዘጋ። የታችኛው ቀዳዳ እንዳይረሳ! ትነቱ ወደ ታች ነው የሚሄደው ብያለሁ፤ ከላይ ብቻ ከተበሳ ሳጥኑ ራሱ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ባለሙያዎች ከእሳት ቢያንስ 15 ሜትር ይላሉ። የእኛ ግቢ 15 ሜትር የለውም። የተገኘውን ያህል አደረግን፤ እናቴ ስትጋግር ደግሞ ሳጥኑ አይከፈትም። ብሩን እኔ ላክሁ። ከአንድ ወር ደመወዜ በጣም ያነሰ ነው።

"እኔ እዚህ ሆኜ እዚያ ምን አዝዛለሁ" የምትሉ ካላችሁ፣ ባጃጁን የገዛው ማነው? የገዛ ሰው ጀሪካኑ የት እንደሚያድር መጠየቅ ይችላል። ወንድማችሁ ቢኮራም ይኩራ፣ ትንሽ ቀን ነው የሚያኮርፈው። ሌላም ነገር ንገሩት። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ፣ ቁጥሩ 1363 ነው፣ ያለ ፈቃድ ነዳጅ አከማችቶ መሸጥን በገንዘብም በእስራትም ይቀጣል። ወንድሜ አይሸጥም፤ ግን አልጋ ሥር 60 ሊትር የተገኘበት ሰው "ለራሴ ነው" ቢል ማን ያምነዋል?

ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል። ጀሪካን የሚለውን ስም ከየት አመጣነው መሰላችሁ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ጀርመኖቹን "ጄሪ" ይሏቸው ነበር። ጀርመኖቹ ከጦርነቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ለነዳጅ ብለው የሠሩት 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ነበራቸው፣ እንግሊዞቹ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ ማርከው ሲያዩት ከራሳቸው በጣም በለጠባቸው። የጄሪ ቆርቆሮ፣ ጀሪካን። ሦስት እጀታ ያለው አንድም ሰው ሁለትም ሰው እንዲሸከመው ነው። ከላይ ያለችው ጉብታ ደግሞ አየር የሚቀርባት ናት፣ ሞላሁት ብትሉም ሙሉ በሙሉ አይሞላም። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፣ ውሃ ስቀዳበት ያደግሁት ዕቃ እኮ ነው፣ መነሻው ለቤንዚን ኖሯል።

አየር የሚቀርባት ቦታ ያስፈለገችው ቤንዚን ሲሞቅ ስለሚያብጥ ነው። ባለ 20 ሊትሩን ከ19 በላይ አትሙሉ። ዛሬም ከሁሉ የሚሻለው ክዳኑ በማጠፊያ ጥርቅም የሚለው የብረቱ ነው፣ ወይም ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ፕላስቲክ። ያ ቢጫው የዘይት ጀሪካን ለነዳጅ የተሠራ አይደለም፣ ክዳኑ ትነት አይይዝም፣ ከውስጥ የቀረ ዘይት ካለም ቤንዚኑን ያበላሸዋል። ሃይላንዱን ጭራሽ ተዉት። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ሲሞላ ደግሞ ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ባጃጅ ወንበር ላይ ወይም ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ አይሞላ። በብርድ ቀን ሹራብ ስታወልቁ ጠጭ የምትለዋን ታውቃላችሁ? እንደዚያ ያለች ብልጭታ ፈሳሹ ሲወርድም ትፈጠራለች። መሬት ላይ ከሆነ ወደ መሬቱ ትሄድለታለች።

ደግሞ ቤንዚን ያረጃል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። በጥሩ ዕቃ ተከድኖ በጥላ ከተቀመጠ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ፀሐይ ላይ ከሆነና ክዳኑ ከላላ ከዚያም በፊት ይበላሻል። ቶሎ የሚቀጣጠለው ቀላሉ ክፍል ቀድሞ ተንኖ ይሄዳል፣ የቀረው ከአየር ጋር ሆኖ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይሠራል። ያ ሙጫ ካርቡሬተር ውስጥ ገብቶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ባጃጁ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ወንድም "ለጥገና ላኪልኝ" ይላል። የምትልኩለት የጥገና ብር አንዳንዴ አልጋ ሥር ያረጀ ቤንዚን ነው። ቀለሙ ከጠቆረ፣ ሽታው እንደ ቀለም ቅብ ወይም እንደ ኮመጠጠ ነገር ከሆነ አርጅቷል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የተገዛበትን ቀን ጀሪካኑ ላይ መጻፍና አሮጌውን አስቀድሞ መጨረስ። እኛ ፍሪጅ ውስጥ ላበን እንደምናደርገው በሉት።

አሁን ወደዚህ ወደ ጁበይሃ እንመለስ። ክረምት ሲመጣ በየቤቱ ሶባ ይወጣል፣ ፉጂካው፣ አላዲኑ። ካዝም ያረጃል። ካለፈው ክረምት የተረፈው ጣሪያ ላይ የአማን ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ቢጫ ይሆናል፣ ውሃም ይገባበታል። እሱን ስትሞሉት ክሩ ይጠቁራል፣ ሶባው ይጨሳል፣ ቤቱ ይሸታል። ማዳም "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው" ትላለች። አንድ የሠራሁበት ቤት ይህን ብለውኝ ከደመወዜ ላይ የሶባ ክር ቆርጠውብኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ብርድ ቀን አሮጌውን ካዝ በጠራ የመስታወት ብርጭቆ ቀድታችሁ፣ ከእሳት ርቃችሁ በረንዳ ላይ ለማዳም አሳዩአት። ጥሩ ካዝ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ብርጭቆው ከዚያ በኋላ ለመጠጥ አይሆንም።

አልተጻፈበትም፣ ካዝ ይሁን ቤንዚን አላወቃችሁም እንበል። አፍንጫችሁን አታስጠጉ፣ በክብሪት እሞክረዋለሁ ማለትማ እግዜር ያውጣችሁ። ውጭ ሆናችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ቤንዚን ቶሎ ይጠፋል፣ ወረቀቱ ይደርቃል። ካዝ እንደ ዘይት ወዝቶ ይቆያል። ይህ ግን የተቀላቀለውን አይለይላችሁም፣ ካዝ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ከገባ የዋህነቱ ይጠፋል። ከተጠራጠራችሁ አትሙሉ። በቃ።

ሲበራ ወይም ሲሞቅ መሙላት ደግሞ ካዙ እውነተኛ ካዝ ቢሆንም አይቻልም። ቅድም 38 ዲግሪ ብያችሁ የለ? የበራ ሶባ ታንከሩ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ያን ጊዜ ካዙም እንደ ቤንዚን ትነት ይሰጣል። ስለዚህ አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ወደ በረንዳ አውጡት፣ እዚያ ሙሉት፣ እስከ አፉ አትሙሉት፣ የፈሰሰውን ጥረጉ፣ ከዚያ ወደ ቤት።

ታዲያ ማዳም ሳሎን ቁጭ ብላ "ያላ፣ ልጆቹ በረዳቸው፣ እንደበራ ሙይው" ብትልስ? ይሄ ነው አስቸጋሪው። ዮርዳኖስ የቤት ሠራተኛን በሥራ ሕጓ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፣ በ2009 ደግሞ ደንብ ቁጥር 90 ወጣ፣ ይህቺ የሳምንት የዕረፍት ቀናችንም እዚያ ውስጥ የተጻፈች ናት። ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሶባ ሥር ቆማችሁ ደንብ አትጠቅሱም። ያላችሁ አፋችሁ ነው። እኔ የምላት "ማዳም፣ ሹዋይ ሹዋይ፣ ሶባ ሊሳ ሱኽና፣ ኸጠር፣ ኸጠር ዓላ አውላድ" ነው። ትንሽ ቆይ፣ ገና ትኩስ ነው፣ ለልጆቹ አደጋ ነው። "ለእኔ አደጋ ነው" ስትሉ ላትሰማ ትችላለች። "ለልጆቹ" ስትሉ ትሰማለች። ቢያሳዝንም እንደዚህ ነው። ካልሰማች ሶባውን አጥፍታችሁ ይዛችሁ ወደ በረንዳ ውጡ፣ ተቆጥታ እስክትጨርስ ይቀዘቅዛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ትኋን። በጋራ የተከራየንባቸው ክፍሎች ትኋን እንዳለ ማንም አይደብቅም። አገር ቤት ትኋንን ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን እንቀባ ነበር፣ እዚህም "ፍራሹን ቤንዚን እንርጨው" የምትል እህት አትጠፋም። ፍራሽ ቤንዚን ይጠጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ትነቱን ይለቃል፣ ስድስት ሰው ወለል ላይ ይተኛል፣ ትነቱም ወለል ላይ። ፈልቶ የወረደ ውሃ አልጋው ስንጥቅ ውስጥ አፍስሱ፣ ልብሱን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት፣ መድኃኒት ከተፈለገ ከማኅበሩ መዋጮ እንገዛለን። የቅባት ልብስ በቤንዚን አጽጂ የምትል ማዳም ካለችም ውጭ፣ በትንሽ፣ ጨርቁም ውጭ ይድረቅ።

ሳይሆን ቀርቶ እሳት ቢነሳ ውሃ አትድፉበት፣ ቤንዚንና ካዝ ውሃ ላይ ተንሳፈው እሳቱን ይዘው ይሄዳሉ። ትንሽ ከሆነ አሸዋ፣ አፈር፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ ወይም የዱቄት ማጥፊያ። ትልቅ ከሆነ ውጡ፣ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ። ዮርዳኖስ ቁጥሩ 911 ነው፣ አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ 939። የምትሠሩበትን ቤት የመንገድ ስምና የሕንፃ ቁጥር በአረብኛ አስጽፋችሁ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ተስሪህ የሌላት እህት ቁጥሩን ለመደወል ብትፈራ ጎረቤት ይደውል፣ እሷ ግን ትውጣ። የተቃጠለ አካል 20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይሁን፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ አይቀባ። ልጅ ካዝ ከጠጣ አታስመልሱት፣ ሲመለስ ሳንባው ውስጥ ይገባል፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት።

የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፣ ግን ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት "ያረጀውን ቤንዚን ወንድሜ የት ይድፋው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር፣ እሷም እዚህ አለች። ትንሽ ብቻ ካረጀ ከአዲስ ጋር፣ አንድ እጅ አሮጌ ለሦስት አራት እጅ አዲስ፣ እየቀላቀለ ይጨርሰው። ጠቁሮ ከኮመጠጠ ወደ ጋራዥ ይውሰደው። ወንዝ ውስጥ አይድፋ፣ ቦይ ውስጥ አይድፋ። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥማ በፍጹም፣ ትነቱ እዚያ ታች ተኝቶ ይጠብቃል፣ ማታ ሻማ ወይም ሲጋራ ይዞ የሚገባ ሰው አለ።

በር ላይ ማርከርና ነጭ ፕላስተር አለ፣ አንድ አንድ ውሰዱ።